በደብረ ብርሃን የዘመኑን ሙዚቃ የሚጫወት ስትሪንግ ኳርቴት እንዴት ይቋቋማል?

ስትሪንግ ኳርቴት ማለት ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ ያለ፣ ድምፁ ወፈር ያለ) እና አንድ ቼሎ (ተቀምጠው በጉልበት መካከል ይዘው የሚጫወቱት ትልቁ) ነው። ከፊት ቆሞ የሚመራ ሰው የለም፤ አራቱ በዓይንና በትንፋሽ ይግባባሉ። ለዘመኑ ክላሲካል ሙዚቃ ብለው ከተቋቋሙት መካከል ክሮኖስ (ሲያትል፣ እ.ኤ.አ. 1973) እና አርዲቲ (ለንደን፣ እ.ኤ.አ. 1974) ስማቸው በሰፊው ይታወቃል። ሰሜን ሸዋ ላይ እንዲህ ያለ ቡድን ለመጀመር ለምትፈልጉ ሥራው በዚህ መልኩ ይሄዳል።

1. መሣሪያውን ከብርዱ ጋር ማስማማት

ቪዮላ ስትመርጡ የግራ እጅ ሳይንጠራራ ጫፉ ድረስ መድረስ አለበት። ቫዮሊን ላይ የቪዮላ ክር አስሮ መጫወት አያዋጣም፤ አካሉ ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙ የዶ ክር ይለግማል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሙሉ መለዋወጫ ክር፣ እንዲሁም አንድ ርካሽ ደጋን ያዙ። የደጋኑ ጥቅም ኋላ ይታያል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ፀሐይ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ክሩን የሚያጠብቁት መቃኛዎች ይንሸራተታሉ፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ከባሰም ይሰነጠቃል። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። የተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ ርጥብ ስፖንጅ ጨምቆ ሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ስፖንጁ ግን መንጠባጠብ የለበትም። መሣሪያን ለማሞቅ ብሎ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ ማስቀመጥ ትልቅ ጥፋት ነው። የሚንሸራተት መቃኛ ጠመኔ፣ በክረምት አብጦ የሚጣበቀው ደግሞ ትንሽ ደረቅ ሳሙና ይቀባል። የደጋኑ ፀጉር በደረቅ አየር ስለሚያጥር ልምምድ ባበቃ ቁጥር አላሉት፤ ካልሆነ እንጨቱ ይጣመማል።

ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ነው። አራቱ በአንዴ ከላሉ ክሮቹን ከሥር ደግፎ የያዘው ድልድይ ይወድቃል፤ ውስጥ የቆመችው ትንሿ ምሰሶም ልትወድቅ ትችላለች። እሷን መልሶ ማቆም የባለሙያ ሥራ ነው። ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ከወረዳችሁም ሣጥኑን ሳትከፍቱ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ፤ ሙቀቱን ሳይለምድ የተቃኘ መሣሪያ ወዲያው ይለቃል።

2. መቃኘት

አብዛኛው ጀማሪ ቡድን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መነሻ የሚሆነውን የ«ላ» ድምፅ (440 ኸርዝ) ከአንድ ሰው ብቻ ተቀበሉ፤ ከቼሎው ቢሆን ይመረጣል። የቼሎና የቪዮላ ክሮች ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ የቫዮሊን ደግሞ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ናቸው። አንድ ላይ ስትሰበስቧቸው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናሉ፦ ሙሉ ትዝታ! ጣት ሳይነካቸው የአራቱ መሣሪያ ክሮች የትዝታን ቅኝት ይዘዋል። ለኛ ጆሮ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው፤ የትኛው ድምፅ እንደሸፈተ ቶሎ ይለያልና።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ክሮች ፍጹም አጥርቶ ሲቃኝ ነው። ያኔ የቫዮሊኑ ሚ ከቼሎው ዶ ጋር ሲሰማ በ22 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው)፣ ማለትም ከግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ በሚበልጥ መጠን ይሾላል። ሁሉም በየፊናው ትክክል ነው፣ ተደምሮ ግን ይጎመዝዛል። መፍትሔው ላን ሳትነኩ የጎረቤት ክሮችን ርቀት በጥቂቱ ማጥበብ ነው፦ ቼሎና ቪዮላ ዶና ሶልን በፀጉር ያህል ከፍ፣ ቫዮሊኖቹ ሚን በፀጉር ያህል ዝቅ ያደርጋሉ። ቼሎው ዶን፣ ቫዮሊኑ ሚን ረዘም አድርገው ይጫወቱ፤ በመካከላቸው የሚሰማው መርገብገብ ሲዘገይ ልክ መጥታችኋል። የስልክ መቃኛ አፕሊኬሽን እዚህ ድረስ አያደርስም፤ በሱ ብቻ የተቃኘው ሚ አሁንም 14 ሴንት ያህል ይሾላል። ጆሯችሁን እመኑ።

3. የመጀመሪያውን ሥራ መምረጥ

ክሮኖስ ለወጣት ኳርቴቶች ያስጻፋቸው 50 ሥራዎች ኖታቸው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ ከዚያ ጀምሩ። የጆርጅ ክራም «ጥቁር መላእክት» (እ.ኤ.አ. 1970) ማጉያ፣ ውኃ የተሞሉ ብርጭቆዎችና ጎንግ ይፈልጋል። የስቲቭ ራይክ «የተለያዩ ባቡሮች» (እ.ኤ.አ. 1988) ደግሞ ከተቀዳ ድምፅ ጋር ነው የሚሄደው። ሁለቱም ድንቅ ናቸው፣ ግን ለሁለተኛው ዓመት ይቆዩ። እንደ ክሮኖሶቹ በነፃ ካልተሰጠ በቀር በሕይወት ያለ አቀናባሪ ኖታ ይገዛል ወይም ይከራያል፤ ፎቶ ኮፒ እያባዙ መጫወት ደራሲውን መዝረፍ ነው።

4. ልምምድ

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ኖታ ሌላ የአራቱን ድምፅ በአንድ ላይ የያዘውን ሙሉ ኖታ ያንብብ፤ ሲያርፍ ማን እንደሚጫወትም በእርሳስ ይጻፍ። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ አጨብጭቡ። ሰባት ምት ያለው መስመር ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት ሆኖ ሲከፈል አራቱም በአንድ አከፋፈል መስማማት አለባቸው፤ አንዱ ሦስቱን ከፊት ካስቀደመ መስመሩ ይፈርሳል። ከዚያ ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በግማሽ ፍጥነት ጀምሩና በደቂቃ አራት አራት ምት እየጨመራችሁ ውጡ።

ልዩ ድምፆቹ መጨረሻ ይምጡ። ድልድዩ ጥግ የሚመታው «ሱል ፖንቲቼሎ» ብርጭቆ የመሰለ ፉጨት ማውጣት አለበት። ብዙ ሰው ግን ይፈራና ሳያውቀው ደጋኑን ወደ መሐል ይመልሳል፤ ድምፁም ተራ ይሆናል። ደጋኑ ከድልድዩ ግማሽ ጣት እንኳ አይራቅ፣ ጫናው ቀላል፣ ጉዞው ፈጠን ያለ ይሁን። ከተጫኑት ይፋቃል። በደጋኑ እንጨት ክር መምታት («ኮል ሌኞ») ቀለሙን ይልጣል፤ ርካሹ ደጋን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

5. መድረክ

ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ሐምሌና ነሐሴን ተዉ፤ ዝናቡ ከአራት ክር ድምፅ ይበልጣል። በበጋ ደግሞ ምሽት ሳይሆን ከቀኑ 9 ሰዓት ይሻላል፤ የበረደ ጣት አይሮጥም። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፅ ያስተጋባል። ከተማዋ በብርድ ልብስ የታወቀች ናትና አራት አምስት ወፍራም ብርድ ልብስ ከተጫዋቾቹ ጀርባና ከጎን ስቀሉ። ወንበሩ የእጅ መደገፊያ አይኑረው። ከቼሎው ሥር ያለው የብረት መቆሚያ ሲሚንቶ ላይ እንዳይንሸራተት ከወንበሩ እግር ላይ ቀበቶ አስራችሁ የመቆሚያውን ጫፍ የቀበቶው ቀዳዳ ውስጥ አስገቡት። ማጉያ ካለ መብራት ቢጠፋ የሚተካ ባትሪ ይኑር።

ፕሮግራሙ ከ50 ደቂቃ አይብለጥ። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት እንግዳ የሆነውን ድምፅ ለብቻው አሰሙ፤ ሰው ስሙንና አሠራሩን ካወቀ በኋላ በሥራው መሐል ሲመጣ ለይቶ ይሰማዋል።

አዲስ ሥራ ለሀገራችን አቀናባሪ ስታዙ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚወርድበትን የመጨረሻ ድምፅ ጽፋችሁ ስጡት። በአንቺሆዬ የሚጽፍ ከሆነም እያንዳንዱን ድምፅ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚፈልገው ኖታው ላይ እንዲያመለክት ወይም በድምፁ ቀድቶ እንዲልክ ጠይቁት።