የ650 ቃሉ ድርሰት፦ ለአሜሪካ ኮሌጅ የሚያመለክት የአዲስ አበባ ተማሪ እንዴት ይጻፈው?

በኮመን አፕ፣ ማለትም በአንድ ቅጽ ለብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በሚያመለከትበት ድረ ገጽ፣ የሚላከው ዋናው ድርሰት ከ250 ቃል አያንስም፣ ከ650 አይበልጥም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን የራሱ ማመልከቻ አለው፤ ከ8 ጥያቄዎች 4 ተመርጠው እያንዳንዳቸው እስከ 350 ቃል ይመለሳሉ።

ድርሰቱን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ሰዋስው ሳይሆን ከክፍል ይዘነው የመጣነው የመግቢያ ልማድ ነው። «ትምህርት የአገር ዕድገት መሠረት ነው» ተብሎ ይጀመራል፣ ስለ አገር ታሪክ ይወራል፣ ተማሪው ራሱ ብቅ የሚለው አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ያኔ ግማሹ ቃል አልቋል።

አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም ሌላ ጸጥ ያለ ቦታ ስልክ አጥፍታችሁ 20 ደቂቃ ተቀመጡ። ማንም ሳያዛችሁ የምትሠሩትን 15 ያህል ነገር ዘርዝሩ። ሽልማትና የክፍል ውጤት አትጨምሩ፤ በማመልከቻው ሌላ ቦታ አላቸው።

ፒያሳ ያደገች ልጅ የአክስቷን ዕቁብ መዝገብ ትይዛለች እንበል። ዕቁብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አንቀጽ አያስፈልግም፤ «በየእሑዱ 24 ሰዎች 500 ብር ያዋጣሉ፣ ዕጣ የወጣለት 12,000 ብሩን ይወስዳል» ካለች ይበቃል። ድርሰቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ አባል ልጅ ታሞበት ተራ ይሰጠኝ ብሎ ሲለምን መዝገብ ያዧ ምን አሰበች? ምን ብላ መለሰች? ዛሬ ያንን መልሷን እንዴት ታየዋለች? አንባቢው ሰውየዋን የሚያገኛት እዚህ ጋ ነው፤ ከ650ው ቃል 400ው ለዚህ ቢውል አይበዛም።

ችግርን መጻፍ ነውር የለውም፤ ግን ሲሶውን ለደረሰው ነገር፣ የቀረውን ላደረጋችሁትና ላሰባችሁት ስጡ። «እኔ» ማለት ጉራ ይመስለንና «ሠራን፣ አደረግን» እንላለን፤ አንባቢው ግን የናንተን ድርሻ መለየት ያቅተዋል። «ታታሪ ነኝ» ይሰረዝ፤ «የሦስት ሳምንቱን ሒሳብ እንደገና ደመርኩ» ይግባ።

እንግሊዝኛው እንዳይደርቅ ታሪኩን መጀመሪያ ለታናሽ እንደምታወሩ አድርጋችሁ በአማርኛ 5 ደቂቃ በስልክ ቅዱ። ቅጂውን ሰምታችሁ ዝጉት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ጻፉ፤ መስመር በመስመር መተርጎም አይሆንም። ለፈተና የተሸመደዱት እንደ «ፕሌቶራ» (ብዛት) ያሉ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት ድምፃችሁን ይሸፍናሉ። የመጀመሪያው ረቂቅ 900 ቃል ቢሆን ግድ የለም። ስትቀንሱ ከመግቢያው ጀምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ ምንም አይጎድልም። ለተረፈው ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ የክፍል ጓደኛዬ ይህንኑ በስሙ ሊልከው ይችላል? ከቻለ ይውጣ።

አንባቢ ሁለት ይበቃል፤ አንዱ በደንብ የሚያውቃችሁ፣ ሌላው የማያውቃችሁ። «ጥሩ ነው?» ሳይሆን «ስለ እኔ ምን ተረዳህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውጭ ያለ ዘመድ እንደገና ይጻፍልኝ ማለት ግን ድርሰቱን የሌላ ሰው ያደርገዋል። ኮመን አፕ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈን ይዘት የራስ አስመስሎ ማቅረብን ከማጭበርበር ይቆጥረዋል።

«ለምን እኛን መረጥክ?» ለሚለው ተጨማሪ ጥያቄ የከተማውን ውበትና የኮሌጁን ዝና ተዉት፤ አንድ ኮርስ ወይም ቤተ ሙከራ ጠቅሳችሁ እዚያ ምን እንደምትሠሩ ተናገሩ። የሌላ ኮሌጅ ስም ሳይቀየር ቀርቶ የሚላክ መልስ ያሳዝናል፤ ከመላክ በፊት የኮሌጁን ስም ብቻ እየፈለጋችሁ አረጋግጡ።

ብዙ ኮሌጆች የመጀመሪያውን ዙር በኖቬምበር 1፣ መደበኛውን በጃንዋሪ 1 ይዘጋሉ፤ በእኛ ጥቅምት 22 እና ታኅሣሥ 23 ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን አንድ ቀን ይቀድማሉ፣ 21 እና 22 ይሆናሉ። መብራትም ኔትዎርክም በመጨረሻው ሌሊት ሊጠፋ ስለሚችል ከ5 ቀን በፊት ጨርሱ። ከዎርድ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ የአንቀጽ ክፍተት ሊጠፋ ይችላል፤ «ላክ» ከማለታችሁ በፊት የሚወጣውን ፒዲኤፍ ከላይ እስከ ታች አንብቡት።