ጎማና ፕላስቲክ አልዋሃድ ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ ከሱሉልታ

ሱሉልታ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ወርክሾፕ አለችን። ያረጀ ጎማ ከጎሚስታ ቤት፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን ከቆራሌው እንገዛለን። ጎማውን እንፈጫለን፣ ጀሪካኑን እናቀልጣለን፣ ሁለቱን ኤክስትሩደር ውስጥ (በጋለ ቱቦ ውስጥ እያዞረ ቀላቅሎ የሚገፋ ማሽን ነው) ቀላቅለን ፕሬስ በሚባለው መጫኛ እንጫነዋለን። የሚወጣው የላም በረት ንጣፍ ነው። ሱሉልታ የወተት አገር ስለሆነ ደንበኛ አላጣንም። ያስቸገረን ንጣፉ ራሱ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፣ ጎማ አይቀልጥም። ቻርለስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ላስቲክን ከድኝ ጋር አሙቆ ካጠነከረው ወዲህ የመኪና ጎማ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ድኙ የላስቲኩን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስራቸዋል። ከዚያ በኋላ ብታሞቁት መጨረሻው መቃጠል እንጂ እንደገና መፍሰስ አይደለም። ስለዚህ ቅልቅሉን እንደ ቡኬት አስቡት፤ ፕላስቲኩ ሲሚንቶ፣ ጎማው አሸዋ ነው። እኛ ይሄ እስኪገባን ብዙ ጀሪካን ፈጅተናል።

ንጣፉ ሲታጠፍ ይፈረካከሳል

መጀመሪያ የተሰበረውን ፊት ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እዩት። ትንንሽ ጉድጓዶች ካሉትና የጎማው ፍሬ ንፁህ ሆኖ ከወለቀ፣ ፕላስቲኩ ጎማውን አልያዘውም ማለት ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ፍሬው ትልቅ ነው፣ ጎማው በዝቷል፣ ወይም ጎማው አፈርና ዘይት አለው። የቆሸሸ አሸዋ ሲሚንቶ እንደማይዘው ማለት ነው።

እኛ ሦስቱንም አጥፍተናል። ጎማ ርካሽ ስለሆነ 60 በመቶ ከተትን፤ ፍሬው ደግሞ 3 ሚሊሜትር ነበር። አንድ ደንበኛችን ንጣፉን በባጃጅ ጭኖ መለሰልንና «ወንድሜ፣ ይሄ ንጣፍ ነው ወይስ ቆሎ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ጎማውን በወንፊት እናበጥራለን። ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆነውን ብቻ እናስገባለን፤ ግማሽ ሚሊሜትር ከተገኘ ደግሞ እሰየው። ፍሬው ባነሰ ቁጥር ፕላስቲኩ የሚይዘው ገጽ ይበዛል። መጠኑን በክብደት ከ30 በመቶ ጀምሩ፤ ንጣፉ ከጠነከረ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ጎማውን በሳሙና አጥቦ ማለቅለቅም ለውጥ አለው። ሁለቱን የሚያስማማ መድኃኒትም አለ፤ ማሌይክ አንሃይድራይድ የተተከለበት ፖሊኤትሊን ይባላል። ጥቂት በመቶ ይበቃል፤ ግን ለእንደኛ ዓይነት ቤት ዋጋው አይቀመስም። መጀመሪያ ወንፊቱን አስተካክሉ።

የተሰበረው ፊት ላይ የጀሪካኑ ቢጫ ለብቻው፣ ጥቁሩ ለብቻው ከታየ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ፕላስቲኩ በደንብ አልቀለጠም። የጀሪካን ፕላስቲክ 130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በደንብ እንዲፈስና ጎማውን እንዲያለብስ ግን ከ160 እስከ 180 ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ የሠራነውን ጅልነት ልንገራችሁ። ቴርሞሜትራችንን በፈላ ውሃ አስተካክለን 100 ላይ አቆምነው። ሱሉልታ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ 145 ብለን የምንተማመንበት እውነቱ 136 ገደማ ነበር። ሙቀቱ ሲስተካከል ቢጫውም ጠፋ።

ውስጡ አረፋና ቀዳዳ ይሞላል

እርጥበት ነው። በክረምት በየቀኑ ያጋጥመናል። የጎማው ጨርቅ ፍሬው ውስጥ ከቀረ ደግሞ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ፍሬውን በስሱ ዘርግታችሁ 80 ዲግሪ ላይ ለጥቂት ሰዓታት አድርቁት። መድረቁን ለማወቅ ትኩሱን ፍሬ ብልቃጥ ውስጥ ጨምራችሁ ክደኑት። ክዳኑ ላይ ላብ ከታየ ገና ነው። ደርቆም አረፋው ካልቀረ ሙቀት አብዝታችኋል፤ ከጎማው ራሱ ጋዝ እየወጣ ነው።

ያጨሳል፣ ይሸታል

ሽታው የተቃጠለ ድኝ ከሆነ ከ200 ዲግሪ አልፋችኋል፤ ቀንሱ። አፍንጫና ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ግን ፒቪሲ፣ ማለትም ቧንቧና የሽቦ ሽፋን የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ገብቷል። ማሽኑን አጥፉና ውጡ፤ የሚወጣው አሲድ ነው፣ ብረቱንም ይበላዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋንና የቧንቧ ቁራጭ ከጀሪካኑ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። የተከተፈውን ፕላስቲክ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ የምትፈልጉት ይንሳፈፋል፣ ፒቪሲ ይሰምጣል። የሃይላንድ ፕላስቲክም አብሮ ይሰምጣል፤ እሱም አይጠቅማችሁም። 250 ዲግሪ ካላለፈ አይቀልጥም፤ እስከዚያ ጎማው አመድ ሆኗል። የሃይላንዱ ክዳን ግን ይግባ።

ከአበባ እርሻ የሚወጣ የፕላስቲክ ሽፋን ለስላሳና ጥሩ ነው፤ ንጣፉ እንዲተጣጠፍ ያደርገዋል። ግን የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ስላለበት ያለ ጓንት አትንኩት። ደግሞም ከዚህ ቅልቅል የውሃ ወይም የምግብ ዕቃ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ እምቢ በሉ። ጎማ ውስጥ ያለው ዘይትና ዚንክ ለሆድ አይሆንም።

ይጣመማል

ትኩሱን ከፕሬስ አውጥታችሁታል። እጅ እስኪያስችል ድረስ ተጭኖ ይቀዝቅዝ። አለቀ።

ሽቦ ብቅ ይላል

ማግኔት አንድ ጊዜ አይበቃም። ከመፍጨት በፊትና በኋላ አሳልፉት። የላም ሰኮና በሽቦ ከተወጋ የሚመጣባችሁን ክስ አልነግራችሁም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ አልዞር ይላል

ቅልቅሉ ቱቦው ውስጥ ደርቋል። ልጆቹ «ጋሼ፣ መጣ!» ብለው ሞተሩን ወዲያው ሲያስነሱት ጥርሱን ሰብረንበታል። መጀመሪያ ቱቦው ብቻ ይሙቅ፤ ሙሉው እስኪግል ግማሽ ሰዓትም ይሁን ከዚያ በላይ ጠብቁ። ከዚያ በዝግታ እያዞራችሁ፣ ጥቁሩ ጓል ወጥቶ እስኪያልቅ ጎማ የሌለበት ንፁህ የጀሪካን ፕላስቲክ ግፉበት። መጀመሪያ የሚወጣው ጓል የተቃጠለ ስለሆነ ንጣፍ ውስጥ አትክተቱት። እኛ የወርክሾፑን በር ንፋስ እንዳይዘጋው የምንደግፈው በሱ ነው።