ሄፓሪን ፕላትሌትን ሲያወርድ፦ በዋርድ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሄፓሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ በአንዳንድ ታማሚዎች ፕላትሌትን፣ ማለትም ደምን የሚያረጉትን የደም ሕዋሳት፣ እያወረደ ደም ያለአግባብ እንዲረጋ የሚያደርግ በሽታ (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ HIT) ያስከትላል። ይህን ለመጠርጠር ብዙዎች ፕላትሌት ከ150 ሺህ በታች እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ሊያስጠረጥረን የሚገባው ግን ቁጥሩ ከመነሻው በግማሽ መቀነሱ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሄፓሪን ከተጀመረ ከ5 እስከ 10 ቀናት ውስጥ ይታያል። እኔም ሬዚደንት ሳለሁ ከ380 ሺህ ወደ 160 ሺህ የወረደን ውጤት «ኖርማል ነው» ብዬ አልፌ፣ በማግስቱ የታማሚዋን እግር አብጦ አግኝቼዋለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሄፓሪኑን አቁሞ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። «ፕላትሌቱ ወርዷል፣ ሌላ የደም ማቅጠኛ ብሰጠው ይደማል» የሚለው ፍርሃት ነገሩን ከሥሩ ይገለብጠዋል። በዚህ በሽታ ፀረ እንግዳ አካሉ ሄፓሪንና ፕላትሌት ፋክተር 4 ተጣምረው በፈጠሩት ውሁድ ላይ ተጣብቆ ፕላትሌቶችን ስለሚቀሰቅስ፣ ቁጥራቸው የሚያንሰው ደም እያረጉ በማለቃቸው ነው። አደጋው ሄፓሪን ከቆመ በኋላም ለሳምንታት ይቀጥላልና፣ ታማሚው እየደማ ካልሆነ በቀር ወዲያው አርጋትሮባን፣ ፎንዳፓሪነክስ ወይም ሪቫሮክሳባን ሊጀመርለት ይገባል። ኩላሊቱ ለደከመ ታማሚ ፎንዳፓሪነክስ አይመረጥም። ሳይደማ ቁጥሩን ለማስተካከል ብቻ ፕላትሌት መስጠትም አይገባም።

ቻርቱ ላይ በትልቁ «ሄፓሪን ቆሟል» ተብሎ ተጽፎ፣ አልጋው አጠገብ ግን ነርሷ ካቴተሩን በሄፓሪን ስታጥብ ደርሼ አውቃለሁ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ የነገራት ሰው አልነበረም። ያችም ጥቂት መጠን ትቆጠራለች። ወደ ኢኖክሳፓሪን መቀየርም ማቆም አይደለም፤ እርሱም የሄፓሪን ዓይነት ነውና።

የሚዋጠው የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ፕላትሌት 150 ሺህ ሳይደርስ አይጀመርም፤ የደም መርጋትን የሚገታውን ፕሮቲን ሲን ቀድሞ ስለሚያወርድ እግርን እስከ ጋንግሪን ሊያደርስ ይችላል። ተጀምሮ ከተገኘ ይቁም፣ ቫይታሚን ኬም ይሰጥ።

በሌላ በኩል ጀማሪዎች፣ ትጋታቸውን ብወደውም፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚወርድን ፕላትሌት ሁሉ በሄፓሪን ያሳብባሉ። ከዚያ በፊት ሄፓሪን ወስዶ በማያውቅ ሰው በ2ኛው ቀን የወረደ ቁጥር ይልቁንም ሴፕሲስን፣ ማለትም በኢንፌክሽን የሚመጣ ከባድ የሰውነት መታወክን፣ ያስጠረጥራል። የበሽታውን ዕድል ለመገመት የሚሰላው የ«ፎር ቲ» (4Ts) ነጥብ 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሽታው የመኖር ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የፀረ እንግዳ አካል ምርመራውን ውጤት ሳይጠብቁ ሕክምናውን መጀመር ይገባል።

በመውጫ ወረቀቱ ላይ ታማሚው ይህ በሽታ እንደያዘው አለመጻፍም ያው ስህተት ነው፤ በተለይ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ለሚከታተል ታማሚ፣ የሚቀጥለው ማሽን በሄፓሪን ተዘጋጅቶ ሊጠብቀው ይችላልና።