ለፎቶ ስቱዲዮ ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት ክፍሉን ይለኩ

ስቱዲዮ ሊከፍት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። ከክፍሉ ቢጀምር ይሻለዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ብርሃኑን የምንሠራው ራሳችን ስለሆንን፣ ጨለማ ውስጥ ጥርት አድርጎ ለሚያነሳ ወይም በሰከንድ 20 ፎቶ ለሚተኩስ ካሜራ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ብዙ ጥቅም የለውም። ካሜራው ከክፍሉ ርዝመት፣ ከፍላሹና ከሚታተመው ፎቶ መጠን ጋር መስማማት አለበት።

ሜትር ይያዙ። ፉል ፍሬም በሚባለው፣ ሰንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን የሚሠራው ክፍል) ትልቅ በሆነ ካሜራ ላይ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ገጥመው፣ ካሜራውን በቁም ይዘው አንዲት ሙሽራን ከራሷ እስከ ቀሚሷ ጫፍ ለማስገባት ከ5 ሜትር በላይ መራቅ ይኖርብዎታል። ከጀርባዋ እስከ ባክግራውንዱ 1 ሜትር ተኩል ካልተተወ ጥላዋ ባክግራውንዱ ላይ ይወድቃል። ለእርስዎ መቆሚያ 1 ሜትር ሲጨመር 8 ሜትር ገደማ ሆነ። ክፍሉ ከ6 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ 85ቱን ለፊትና ለግማሽ አካል ይተዉት፤ ለሙሉ ቁመት 50 ሚሊሜትር በ3 ሜትር ከምናምን ርቀት ያስገባል።

ሰንሰሩ ያነሰ፣ ክሮፕ የሚባለው ካሜራ ላይ ግን ያው 50 ሌንስ 5 ሜትር ገደማ ይጠይቃል። ስለዚህ ጠባብ ክፍል ያለው ሰው ክሮፕ ካሜራ ከገዛ ለሙሉ ቁመት 35 ሚሊሜትር ወይም የዚያ አካባቢ ዙም ያስፈልገዋል። በዚያ ሌንስ ደግሞ ፊት ለማንሳት ከ1 ሜትር ተኩል በታች አይጠጉ፤ ለካሜራው የቀረበው አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ፍላሽና ካሜራን ሳያጣጥም ሲገዛ ነው። ብርሃን ወደ ሰንሰሩ የሚያስገባውና የሚዘጋው የካሜራው ሻተር ሁለት መጋረጃ አለው፤ ፍላሹ መተኮስ ያለበት ሰንሰሩ ሙሉ በሙሉ በተገለጠባት ቅጽበት ነው። ይህ የሚሆንበት የመጨረሻው ፍጥነት ሲንክ ስፒድ ይባላል። ካኖን 6ዲ ላይ 1/180፣ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ላይ 1/200፣ ኒኮን ዲ850 ላይ 1/250 ሰከንድ ነው። ከዚያ ካለፉ ፎቶው ጠርዝ ላይ ጥቁር ሰንበር ይወጣል። ካሜራው አናት ላይ ተሰክተው ፍላሹን ከርቀት የሚያስተኩሱት ትሪገሮች አንዳንዶቹ ትንሽ ስለሚዘገዩ 1/160 ላይ መሥራት ከጣጣ ያድናል። ለስቱዲዮ በ1/200 እና በ1/250 መካከል ያለው ልዩነት ዋጋ የሚጨመርበት አይደለም።

ፍላሽ የሚሰካበትን የካሜራውን አናትም ይመልከቱ። መሃሉ ላይ ክብ የብረት ነጥብ መኖር አለበት። ካኖን 250ዲ ይህ ነጥብ የለውም፤ በዚያች ነጥብ ብቻ የሚሠሩ ተራ ትሪገሮች አይተኩሱበትም። እንደ ጎዶክስ ያሉ ትሪገሮችም ለካኖን፣ ለኒኮንና ለሶኒ ለየብቻ ስለሚሠሩ፣ ካሜራውን ሳይወስኑ ትሪገር አይግዙ።

ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት የሌለውና በኤሌክትሮኒክ መመልከቻ የሚያሳይ ካሜራ፣ ለገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጨመራል። አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8፣ ሻተሩን 1/160 ላይ ሲያስተካክሉ መመልከቻው ይጨልማል፤ ካሜራው ፍላሹን አስቀድሞ ስለማያውቅ ክፍሉን እንዳለ ነው የሚያሳየው። ሶኒ ላይ «ሴቲንግ ኢፌክት» የሚለውን፣ ካኖን ላይ «ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን» የሚለውን ማጥፋት በቂ ነው። ሁለተኛው ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሻተር ነው፤ በአብዛኞቹ ካሜራዎች እሱ ከበራ ፍላሹ አይተኩስም። ሜካኒካል ላይ ያድርጉት።

ሜጋፒክሰል ላይ አይጨነቁ። 24 ሜጋፒክሰል በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 50 በ33 ሴንቲሜትር ይሰጣል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከራቅ ብሎ ለሚታይ ፎቶ 200 ነጥብ ስለሚበቃ 76 በ50 ድረስ ይሄዳል። 45 ሜጋፒክሰል የሚያነሳ ካሜራ በራው፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ፋይል፣ አንዱን ፎቶ 50 ሜጋባይት ገደማ ያደርገዋል፤ በቀን 400 ቢያነሱ 20 ጊጋባይት ነው፣ ኮምፒውተሩም ያንን መሸከም አለበት።

ይልቅ ጨርቁን ያስቡ። ስስ ነጠላ ወይም ቀጭን ሱፍ ሲነሳ ሽመናው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ሞገድ አንዳንዴ ይታያል። ሞይሬ ይባላል፤ የክሩ አደራደር ከሰንሰሩ የፒክሰል አደራደር ጋር ሲጋጭ የሚመጣ ነው። ሎው ፓስ ፊልተር (ሰንሰሩ ፊት ሆኖ ምስሉን በጥቂቱ የሚያለዝብ መስታወት) የሌላቸው እንደ ዲ850 ያሉ ካሜራዎች ላይ ይበረታል፤ 5ዲ ማርክ 4 ፊልተሩ አለው። ሞገዱ ከታየ ግማሽ ሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ ይበሉ፣ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የሐበሻ ቀሚስ ለሚያነሳ ሰው ብዙ የብርሃን ደረጃ በሚይዘው በ14 ቢት ራው ማንሳት ግዴታ ነው እንላለን፤ ነጩ እንዳይቃጠል ፎቶውን ጨለም አድርጎ አንስቶ ጠቆር ያለውን ፊት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማድመቅ የሚቻለው በእሱ ነው። ካሜራው አቀናብሮ በሚጨምቀው ጄፔግ ላይ ጥላው ውስጥ ያለው ቆዳ እንዲበራ ሲደረግ ይቆሽሻል።

ያገለገለ ካሜራ ከሆነ የራስዎን ሜሞሪ ካርድ፣ ትሪገርና ፍላሽ ይዘው ይሂዱ።

1. ኤፍ 16 ላይ ነጭ ግድግዳ ከፎከስ ውጭ አድርገው ያንሱ። የማይንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ ሰንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ነው፤ ይጸዳል። ቀጭን ጭረት ከሆነ ይተዉት።
2. የሻተሩን ቆጠራ ይዩ። የኒኮን ቁጥር ከፎቶው ፋይል ውስጥ ይነበባል፤ ካኖን ግን በዩኤስቢ ተገናኝቶ በሶፍትዌር ነው። 5ዲ ማርክ 4 ለ150,000፣ ዲ850 ለ200,000 ጊዜ ተፈትነዋል። ቆጠራው ከዚያ ካለፈ የሻተር ማስቀየሪያውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።
3. በሌንሱ አንድ ጫፍ የስልክ መብራት አብርተው በሌላው ይመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ፈንገስ ነው።
4. ፍላሹን 1/160 ላይ 20 ጊዜ ያከታትሉ። ሁሉም ፎቶ እኩል ብሩህ መሆን አለበት፤ አንዱ ከጨለመ ትሪገሩን ነቅለው እንደገና ሰክተው ይድገሙት፣ ያኔም ከጨለመ የሚሰካበት ቦታ ላልቶ ሊሆን ይችላል።
5. ከላፕቶፕ ጋር በገመድ ያገናኙት። የዩኤስቢ ቀዳዳው የሚንገዳገድ ካሜራ፣ ደንበኛ ፊት ፎቶ በስክሪን እያሳዩ ለመሥራት አይሆንም።