ለቤተሰብ እየላኩ ለራስ መማር

ባሕር ዳር እየሠራችሁ ዘጌ ላሉ ቤተሰቦቻችሁ የምትልኩ፣ ማታ መማርም ያሰባችሁ፦ «ሲገኝ እልካለሁ» ማለቱን ተዉት። «እማዬ፣ ደሞዝ በገባ ማግስት ይሄን ያህል እልካለሁ» ብላችሁ ቁርጡን ንገሯት፤ እሷም በዚያው ልክ ታስባለች፣ በየሳምንቱ መደወሉም ይቀራል። ቡናው በሚሸጥበት ሰሞን ቀነስ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጨመር አድርጉ፤ እጅ የሚያጥረው ያኔ ነው።

የትምህርቱን ብር ግን ሞባይል ባንክ ላይ አታቆዩት፤ ማታ ተኝታችሁም ቢሆን ነካ ነካ አድርጋችሁ ታወጡታላችሁ። በሱ ዕቁብ ግቡ። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ፣ መቼም የቤት ኪራይ የጠመመበት አባል አይጠፋም፤ ዳኛው ባለበት ተለዋወጡና የእናንተን ወደ ምዝገባው ወር ግፉት።