አልካሊኒቲው አልረጋ ካለ ማግኒዚየሙን ለኩ

ምልክቱ፦ የኮራል ገንዳዬ (የባሕር ውሃ አኳሪየም) አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት መጠን፣ ጠዋት 8 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) ከነበረ ማታ 7 ይገባል። እሱን ለማንሳት ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ስጨምር ደግሞ ካልሲየሙ ይወርዳል፤ በሳምንት ውስጥ ከ420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ወደ 360። ማሞቂያውና ፓምፑ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ኖራ ይፈረፈራል።

ሶዳ አሹን ስጨምር ቅርፊቱ ባሰ። መለኪያውን በአዲስ ቀየርኩ፤ ያው ቁጥር። ከውሃው 20 በመቶ ቀየርኩ፤ ትንሽ ሰንብቶ አገረሸበት።

በመጨረሻ ማግኒዚየሙን ሳሊፈርት በተባለ የውሃ መለኪያ ለካሁት፦ 1,080 ፒፒኤም። የባሕር ውሃ 1,300 አካባቢ ነው። ማግኒዚየም ሲያንስ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ኮራሉ ሳይጠቀምባቸው ተያይዘው ይዘቅጣሉ። የምትጨምሩት ሁሉ ማሞቂያው ላይ ድንጋይ ይሆናል ማለት ነው (ርካሽ አይደለም እኮ)።

ማግኒዚየም ክሎራይድ በተጣራ ውሃ አሟሙቼ፣ በቀን ከ50 ፒፒኤም ሳላስበልጥ 1,350 አደረስኩት። እስከዚያ ሶዳ አሹን ቀነስኩ፤ ፓምፑን ኮምጣጤ በገባበት ውሃ ዘፍዝፌ አጸዳሁት። አልካሊኒቲው አሁን 8 ላይ ቆሟል።

ካልሲየምና ሶዳ አሽ አንድ ላይ አይጨመሩም፤ እኔ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ፣ ውሃው ኃይለኛ በሚፈስበት በኩል ነው የማፈሰው።