አጥንቱ በምን ተሰበረ?

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ በዚያ ላይ የክረምቱ ጭቃ አለ። ሰው ያንሸራትተዋል፣ ይሰበራል፣ ጄሶ ይታሰርለታል፣ ይድናል። እኔ ማውራት የፈለግሁት ግን ሳይወድቁ ስለሚሰበር አጥንት ነው።

ኮምቦልቻ የምትኖር አክስት ነበረችኝ። ጀሪካን ውሃ ብድግ ስታደርግ ክንዷ ቀጭ አለ። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሲጠዘጥዛት፣ እሷም እኛም «ብርድ ነው» እያልን በቅባት ስናሽላት ከርመናል። ሲሰበርም ወጌሻ አሰረው። በምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀ ከመሃላችን አልነበረም። የጡት ካንሰር ወደ አጥንቷ መዛመቱን ያወቅነው በጣም ዘግይተን ነው።

ስለዚህ የቤታችሁ ሰው ሲሰበር መጀመሪያ አደጋውንና ስብራቱን አመዛዝኑ። ባጃጅ ገጭቶት ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጥ፣ ሲያስል ወይም ልጅ ሲያቅፍ ከተሰበረ ግን አጥንቱ ቀድሞ ተዳክሟል። ቦታው ከመሰበሩ በፊት ያመው እንደነበር ጠይቁት፤ በተለይ ቢያርፍም የማይለቅ፣ ሌሊት የሚብስ ሕመም። ክብደቱ ቀንሶ ከሆነ፣ ደም አንሶት ከሆነ፣ ጡት ላይ እብጠት ካለ እሱንም ያዙ። ድሮ ካንሰር ታክሞ ከነበረ፣ አስር ዓመት ቢያልፈውም ለሐኪሙ ሳትነግሩ እንዳትወጡ። ወደ አጥንት በብዛት የሚዛመቱት የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባ፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ካንሰሮች ናቸው። ከራሱ ከመቅኔ የሚነሳ መልቲፕል ማይሎማ የሚባልም አለ።

በትንሽ ነገር የተሰበረ ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፣ በተለይ እናቶቻችን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሩት አጥንታቸው ስለሳሳ ነው። ይህን ግን በእጅ ዳሶ የሚለይ የለም። ራጅ ያስፈልጋል።

ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ እንዲህ ያለውን ስብራት ግን አትስጧቸው። ማሸትና መጎተቱ የተዳከመውን አጥንት ይበልጥ ይጎዳዋል፣ አጥብቆ ማሰሩ ደግሞ ደም ከልክሎ እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ክንድ ከሆነ በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉለት፣ እግር ከሆነ ሳታስረግጡት ተሸክማችሁ ውሰዱት።

ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ አታድበስብሱ። «አልወደቀም፤ ጀሪካን ሲያነሳ ነው የተሰበረው፤ ከዚያ በፊትም ሁለት ወር ያመው ነበር» በሉ። ራጁ ላይ አጥንቱ የተበላ ይመስል እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ የደም ማነስ፣ ካልሲየምና ኩላሊት ይታያሉ። ቁርጡን የሚናገረው ብዙ ጊዜ ከአጥንቱ ተወስዶ የሚመረመር ናሙና ነው፣ ምክንያቱም የአጥንት ቲቢም ራጅ ላይ ካንሰር ሊመስል ይችላል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ጀርባውን የሚያመው ሰው እግሩ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንቱ እምቢ ካለው ወይም ካመለጠው፣ ቀጥ አድርጋችሁ አጋድሙትና በዚያው ሰዓት የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁም ቢሆን ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር ተጨፍልቆ ከቆየ እግሩ ላይመለስ ይችላል።

ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ሪፈር ከተባለ፣ ራጁንና የናሙናውን ውጤት በእጃችሁ ሳትይዙ አትሳፈሩ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ለወረቀት መመለስ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ስቃይ ነው።